ከ«ላ» ወጥቶ «ላ» መግባት

አጎቴ ከዋግ፣ ከሰሃላ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር። ቀጠሮው ሲራዘም ሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ እኔ ኪቦርዴን ከፍቼ ስኬል እለማመዳለሁ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ። ከዚያ መልሼ ቁልቁል። ኪቦርዲስቶች «ኤ ማይነር» የሚሉት ነው። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ ዜማው መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

«ዜማ አይደለም አጎቴ፤ ስኬል ነው። ጣቴን እያፍታታሁ ነው።»

«መውጣቱንስ ወጣህ፤ መውረዱንም ወረድክ። የት ነው የምታርፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ስኬሉን ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ተጫውቼዋለሁ። የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ጨለማ ውስጥ ብጠየቅ አልሳሳትም። ድምፁ የት እንደሚያርፍ ግን አንድም ቀን አዳምጬ አላውቅም ነበር።

አጎቴ በሙያቸው ሙዚቀኛ አይደሉም። ልጅ ሆነው ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ፍየል ሲጠብቁ ዋሽንት ይነፉ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ዋሽንት ግን ስለ ስኬል ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ያስተምራል። የተለመደው ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው። አራቱም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሌሎች አራት ይጨመራሉ። በድምሩ አምስት። ጠንከር አድርጎ ለነፋው ደግሞ እነዚያው ድምፆች አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከታችኛው ላ እስከ ላይኛው ላ ያለውን ያህል፣ ከፍ ብለው ይመጣሉ። ቀዳዳዎቹ ሲበሱ ቅኝቱ አብሮ ይወሰናል ማለት ነው። ዋሽንት ተጫዋቾች ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት በአንድ ከረጢት ይዘው የሚዞሩትም ለዚህ ነው።

ክራርም ቢሆን ያው ነው። አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ይደግማል። ባለ ክራሩ ከመጫወቱ በፊት ይቃኛል። ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ በጣቱ ነካ አድርጎ ይሰማል፣ እንደገና ያጠብቃል። «ቅኝት» የሚለው ቃላችን የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ፈረንጅ ስኬል ሲል መሰላልን ያስባል፤ የቃሉ ሥር እሱ ነው። እኛ ግን ቅኝት ስንል መሣሪያው ከነክሩ ወደ አንድ ስሜት ተስቦ መሰናዳቱን ነው የምንጠራው።

ፒያኖ ይህንን አያደርግልንም። ሰማንያ ስምንት ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። እያንዳንዱ ኦክታቭ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ተከፍሎበታል። ለትዝታም፣ ለባቲም፣ ለሌሎቹም ቅኝቶች እኩል ክፍት ነው፤ ለአንዳቸውም ግን አልተቃኘም። እንግዲህ ፒያኖ ላይ መቃኘት ያለበት ተጫዋቹ ነው። ስኬል መለማመድ ማለት ጆሮንና እጅን ማጥበቅና ማላላት ነው፤ ባለ ክራሩ ከዘፈኑ በፊት የሚሠራውን ሥራ እኛ በየጠዋቱ በራሳችን ላይ እንሠራለን ማለት ነው። ይህንን ሳላውቅ ነበር ሁለት ወር ጣቴን ብቻ ሳለማምድ የከረምኩት።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንሂድ። የላ ማይነር ስኬል ለጀማሪ የሚመረጠው ሁሉም ነጭ ቁልፍ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ነጮቹ ቁልፎች ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል አይደለም። ጥቁር ቁልፍ ጣልቃ የገባበት ቦታ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ጥቁር የሌለበት ግማሽ ድምፅ ነው። ከላ ወደ ሲ ሙሉ፣ ከሲ ወደ ዶ ግማሽ፣ ከዶ ወደ ሬና ከሬ ወደ ሚ ሙሉ፣ ከሚ ወደ ፋ ግማሽ፣ ከፋ ወደ ሶልና ከሶል ወደ ላ ሙሉ። ማይነር የሚባለው ይህ የርቀት አደራደር ነው። ከየትኛውም ቁልፍ ተነስታችሁ ይህንኑ ርቀት ከጠበቃችሁ የዚያን ቁልፍ ማይነር ታገኛላችሁ፤ ልዩነቱ ጥቁር ቁልፎች መግባታቸው ብቻ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ድምፆች መካከል የስኬሉን መልክ የሚወስነው ሦስተኛው ነው። በመካከለኛው የፒያኖ ክፍል ያለው ላ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ከሱ በላይ ያለው ዶ 523 ጊዜ ያህል፣ ዶ ሻርፕ ደግሞ 554 ጊዜ ያህል ነው። ላንና ዶን አንድ ላይ ስትጫኑ ማይነር ነው፤ ዶን ትታችሁ አጠገቡ ያለውን ጥቁር ስትጫኑ ሜጀር ይሆናል። ልዩነቱ በሴኮንድ ሠላሳ አንድ ርግብግቢት ብቻ ነው፤ በጣት ቢለካ ደግሞ ከሁለት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ብርሃን ግን የተለወጠ ይመስላል። እስቲ ሁለቱን አሥር ጊዜ እያፈራረቃችሁ ስሙ። ይህንን ሳያደርግ ወደ ጣት አሰላለፍ የሚሮጥ ተማሪ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ጣቶቹን በተመለከተ ከአውራ ጣት ጀምረን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብለን እንቆጥራለን፤ ትንሿ ጣት 5 ናት። ስኬሉ ስምንት ድምፅ ነው፤ ጣት ያለን ደግሞ አምስት። ችግሩ ሁሉ እዚህ ነው። ቀኝ እጅ ላን በ1፣ ሲን በ2፣ ዶን በ3 ይጫናል። ከዚያ አውራ ጣት በመሐል ጣት ሥር ሾልኮ ሬን ይይዛል፤ ቀሪዎቹ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ በ2፣ 3፣ 4፣ 5 ይሄዳሉ። ግራ እጅ ከትንሿ ጣት ተነስቶ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ብሎ ሚ ላይ ይደርስና መሐል ጣት በአውራ ጣት ላይ ተሻግሮ ፋ ላይ ይወድቃል፤ ሶል በ2፣ ላ በ1 ያልቃል።

ያቺ አውራ ጣት የምትሾልክበት ቅጽበት የፒያኖ ተማሪ ሁሉ ፈተና ነች። ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ወደ ታች ሲጫኑ አውራ ጣት ግን ወደ ጎን መሄድ አለባት፤ ክብደቷም ከሌሎቹ ይለያል። ስለዚህ ሬ ላይ ስትደርስ «ቧ!» ብላ ትወድቃለች፤ ሰሚው ስኬሉ መሐል ላይ እንቅፋት የመታው ይመስለዋል። መድኃኒቱ ጣቷን ቀድሞ ማንቀሳቀስ ነው። ሌባ ጣት ሲን ስትጫን አውራ ጣት መንገድ ትጀምር፤ መሐል ጣት ዶ ላይ ስታርፍ እሷ ሬ ቁልፍ ላይ ደርሳ ትጠብቅ። ክርን አይነሳም፣ አንጓም አይጠመዘዝም፤ እጁ በሙሉ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። እኔ ይህችን ሽግግር ብቻ፣ ማለትም ሲ፣ ዶ፣ ሬን፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሳምንት ሙሉ ስሠራት ነበር። ቀጥሎ ያለው አስቸጋሪ ጣት የቀለበት ጣት ነው፤ ጅማቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለተሳሰረ ብቻውን መነሳት ይከብደዋል። በግድ ከፍ አድርጎ ማንሳት ጣትን ይጎዳል እንጂ አያጠነክርም።

ሾፓን ተማሪዎቹን ያስጀምር የነበረው ሁሉም ነጭ በሆነው ስኬል አልነበረም። ጥቁር ቁልፍ የበዛበትን የሲ ሜጀር ስኬል ያስቀድም ነበር፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ ነጮቹ ላይ በተፈጥሯቸው ስለሚያርፉ። ነጭ ብቻ የሆነው ለዓይን ይቀላል እንጂ ለእጅ አይቀልም። የኢትዮጵያ ልጅ ይህንን በሌላ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ፣ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከግራኛው ጀምራችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ብትነኩ ትዝታ ሜጀር ወጣ ማለት ነው። እነዚያኑ ጥቁሮች፣ ሁለት ሆነው ከተቀመጡት ከቀኝኛው ጀምራችሁ ብትነኩ ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል። ቁልፎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መነሻና ማረፊያ ብቻ ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ጥያቄያቸውን በጠየቁ ማግስት ራሳቸው አፋቸውን ገጥመው ያንጎራጉሩ ጀመር። ዜማው ከልጅነታቸው ነው፤ ግጥም አልነበረውም። እኔ ከኋላ ከኋላ ድምፁን በቁልፍ እፈልጋለሁ። ላ አለ። ሲ አለ። ዶ አለ። ሬን ስነካ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚ፣ «እሱ ነው» አሉ። ፋ አለ። ሶልን ስነካ እንደገና ራሳቸውን ነቀነቁና ላ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ሁለት ወር ስለማመደው ከነበረው ስኬል ውስጥ ሬና ሶል ወጥተው የቀሩት አምስቱ ናቸው። ትዝታ ማይነር ይሉታል ባለሙያዎች። እኔ በልጅነቴ በሰርጉም በለቅሶውም የሰማሁት፣ ስሙን ሳላውቅ ጆሮዬ ውስጥ የኖረ ቅኝት፣ ስለማመደው በነበረው ስኬል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣቶቹም አልተለወጡም ማለት ይቻላል። ቀኝ እጅ አሁንም ላን በ1፣ ሲን በ2፣ ዶን በ3 ይጫናል፤ አውራ ጣትም ያው ከዶ በኋላ ነው የምትሾልከው። ያኔ ግን ጎረቤቷ ሬ ላይ ታርፍ ነበር፤ አሁን ሬን ዘላ ሚ ላይ ማረፍ አለባት። ፋ በ2 ይከተላል፤ ከፋ ወደ ላይኛው ላ ደግሞ ሌላ ሰፊ ዝላይ አለ፣ እሱን 4 ይወስደዋል። ሦስት ጠባብና ሁለት ሰፊ። ይህ ጠባቡና ሰፊው መፈራረቁ ነው የትዝታ ማይነርን አካሄድ የሚሰጠው፤ ተጠጋግቶ ይሄድና ድንገት ገደል ይሻገራል። የዋግን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው አካሄዱ ይገባዋል፤ ሜዳው አጭር ነው፣ ከዚያ ሸለቆ ነው፣ ከሸለቆው ማዶ እንደገና አጭር ሜዳ አለ።

የፈረንጅ መጽሐፍ በዚህ ቦታ ላይ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ማይነር ስኬል ሦስት ዓይነት ነው ይላል። አንደኛው እስካሁን ያየነው ነው። ሁለተኛው ሰባተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ሶልን፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሶል ሻርፕ ያደርገዋል። ሦስተኛው ሲወጣ ስድስተኛውንም ሰባተኛውንም ያነሳል፣ ሲወርድ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሶል ከላ ሙሉ ድምፅ ስለሚርቅ ወደ ቤት የመግባት ጉጉት የለውም። ሶል ሻርፕ ግን ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ሰሚው ላን ካልሰማ አያርፍም። የአውሮፓ ሙዚቃ አኮርድን ከአኮርድ ለማያያዝ ይህንን ግፊት ይፈልገዋል። አጎቴ ይህንን ሁለተኛውን ስኬል ሲሰሙ «ይቺኛዋ ትገፋፋለች» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ሥራዋ መገፋፋት ነው። ትዝታ ማይነር ውስጥ ሰባተኛ ድምፅ ጭራሽ የለም። ወደ ቤት የሚገባው ወይ ከላይ ከሲ ወርዶ ነው፣ ወይ ከታች ከፋ ዘሎ ነው። የሚገፋው የለም። ሲደርስ ደረሰ።

ማይነር የኀዘን፣ ሜጀር የደስታ ነው የሚለውን ነገር ብዙ አስተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ይነግራሉ። ይህንን መቀበል አልቻልኩም። የእኛው ትዝታ ሁለት መልክ አለው፤ ሜጀርም ማይነርም። ትዝታ ሜጀር ከላ ቢነሳ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ ነው፤ ሁለት ድምፆች ብቻ ግማሽ ግማሽ ከፍ ብለዋል። በመጽሐፉ ሕግ ቢሆን በዚህኛው መጨፈር ነበረብን። ነገር ግን ያለፈ ጊዜ፣ የራቀ ሰው፣ የተለዩት አገር በትዝታ ሜጀር ሲዘፈን የሚያለቅስ ሰው ሞልቷል። ናፍቆቱ ከሦስተኛው ድምፅ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከአዘፋፈኑ፣ ከፍጥነቱ፣ ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት ከሚንቀጠቀጥበት ቦታም ይመጣል። ስለዚህ ስኬሉን ስትለማመዱ «አሁን አዝናለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። ርቀቶቹን ብቻ ስሙ።

ፒያኖና የአገራችን ቅኝት ሲገናኙ አንድ እውነተኛ ክፍተት አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ፒያኖ ኦክታቩን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ስለከፈለው በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ አያውቅም። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ኖሮት ያውቀዋል፤ ጣት ይንሸራተታል፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ትንሽ ከፍ ይላል። ዋሽንትም በትንፋሽ ያደርገዋል። ፒያኒስቱ ይህንን ማድረግ ስለማይችል ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ ዋናውን ድምፅ ከመንካቱ በፊት ጎረቤቱን ፈጠን አድርጎ ይነካል፣ ያርገበግበዋል፣ ወይም ፔዳል ይዞ ድምፆቹ እርስ በርስ እንዲደባለቁ ይተዋቸዋል።

ይህንን ዘዴ መስማት የሚፈልግ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ይስማ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ። ካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ሲማሩ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ስኬልን ከነሥሩ ያወቁ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉንም ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኮሱ፤ በዚያ ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል ባዶ እግራቸውን ኖሩ። ፒያኖ አልነበረም። በኋላ ወደ መሣሪያው ሲመለሱ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማም ሲያጠኑ፣ ከእጃቸው የወጣው ሙዚቃ የአውሮፓ ጣትና የአገር ቤት ጆሮ አንድ ላይ የተቀመጡበት ሆነ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ወጣ፤ «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም ዓለም አወቃቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም አረፉ። ሲጫወቱ ስትሰሟቸው ቀኝ እጃቸው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይወጣል፣ ያመነታል፣ በትንሽ እርግብግቢት ይዞራል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በልጅነቱ የያዘው ክራር ነበር። ፒያኖን ያወቀው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄዶ ተማረ። ቅኝትን በክሮች ላይ አስቀድሞ የተማረ ልጅ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ቁልፎቹ ባዶ አይሆኑበትም።

ሰሃላ ውስጥ ፒያኖ አላየሁም። ይህንን ጽሑፍ እዚያ ሆኖ የሚያነብ ወጣት ካለ ግን መጠበቅ የለበትም። በስልክ ላይ የሚጫን የፒያኖ መተግበሪያ ለጆሮ ይበቃል። ለጣት ደግሞ የቁልፎቹን ልክ ካርቶን ላይ አስምሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የነጩ ቁልፍ ስፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አፉ እየዘፈነ ጣቱ ካርቶኑ ላይ ይሂድ። በነሐሴ፣ በሻደይ በዓል ሲጫወቱ ልጃገረዶቹ ከበሮው ሳይመታ በፊት አንዷ ዜማውን ከፍ አድርጋ ታወጣና ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ መሣሪያ ሳይኖር ሁሉም አንድ ድምፅ ላይ ያርፋሉ። ጆሮው አለ ማለት ነው።

እኔ ከአጎቴ በኋላ ልምምዴን እንዲህ አደረግሁት። መጀመሪያ ላን ብቻ እነካና ድምፁ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። በአፌ አወጣዋለሁ። ከዚያ አምስቱን የትዝታ ድምፆች እየዘፈንኩ በቀስታ እሄዳለሁ፤ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርጌ በየምቱ አንድ ድምፅ። ቀጥዬ ሬንና ሶልን ወደ ቦታቸው እመልስና ሙሉውን ስኬል እጫወታለሁ። አሁን ሬ ከዶ ወደ ሚ የሚያሻግር ድልድይ ሆኖ ይሰማኛል፤ በፊት ቁልፍ ብቻ ነበር። ቀኝ እጅ ለብቻ፣ ግራ እጅ ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ። ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው አልጀምርም፤ የተሳሳትኩበትን ሦስት ድምፅ ብቻ አውጥቼ አጸዳለሁ። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው መጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ሳይቋረጥ በየቀኑ፤ ቅዳሜ የሚደረግ ሦስት ሰዓት አይተካውም፤ ጣት ቀን የተማረውን አእምሮ ሌሊት በእንቅልፍ ያጸናዋልና።

አጎቴ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኪቦርዱ ፊት አስቀመጥኳቸው። በላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ላይ ትንንሽ ወረቀት ለጥፌ፣

«እነዚህን ብቻ ይንኩ አጎቴ፤ ከየትም ቢጀምሩ አይሳሳቱም» አልኳቸው።

አንዲት ጣት አወጡ። ዋሽንት የለመደች ጣት ስለሆነች ቁልፉን እንደ ቀዳዳ ልትደፍነው ፈለገች፤ ጫን ብላ ቆየች። ከላ አልጀመሩም። ሚን ነኩ። ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ አሉና ተመልሰው ሚ ላይ ቆሙ። እንደገና። አምስቱ ወረቀቶች ያው ናቸው፤ እኔ የጠበቅሁት ትዝታ ግን አልመጣም። ሚ ላይ የሚያርፍ ሌላ ነገር መጣ፤ የግሸንን ተራራ የያዘው አገር ስም የተሰጠው ቅኝት።

«ይሄማ አምባሰል ነው» አልኩ።

«አውቄ ነው እንዴ?» አሉና ሚን እንደገና ተጭነው ድምፁ ቀስ እያለ ሲጠፋ ጆሯቸውን ወደ ኪቦርዱ አዘነበሉ።